ሞቅታው ሲበርድ፦ መንፈሳዊ ሕይወትን በትንሽ በትንሹ ማሳደግ

ጉባኤ ላይ ልባችን ይነካል። እናለቅሳለን። ከዚያ ወጥተን ትልልቅ ውሳኔ እንወስናለን። ከነገ ጀምሮ በቀን አንድ ሰዓት እጸልያለሁ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ከዘፍጥረት እስከ ራእይ በዓመት እጨርሳለሁ፣ በየሳምንቱ እጾማለሁ፣ ቁጣ በቃኝ፣ ሐሜት በቃኝ። ሁሉም በአንድ ቀን! ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጸሎቱ ወደ አምስት ደቂቃ ይወርዳል፣ ንባቡ ዘሌዋውያን ላይ ይቆማል፣ ቁጣው ደግሞ መቼም የትም አልሄደም። ከዚያ «እኔ እኮ አልረባም» ብለን እስከሚቀጥለው ጉባኤ እንተኛለን።

የፍላጎት ማነስ አይመስለኝም። ፍላጎቱማ ሞልቷል። አንደኛው ችግር ብዙ ነገር አንድ ላይ መጀመራችን ነው። ሁለተኛው ደግሞ የምንለካበት ነገር ነው። ስንት ምዕራፍ አነበብኩ፣ ስንት ሰዓት ጸለይኩ እያልን እንቆጥራለን፤ አብሮን የሚኖረው ሰው ግን ከእኛ ጋር መኖር ቀለለው ወይስ ከበደው ብለን አንጠይቅም። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ሁሉ በትንሹ የሚጀመር ነው፣ ውጤቱም የሚታየው ቤት ውስጥ ነው።

አንደኛ፦ የት እንዳላችሁ እወቁ

አንድ ወረቀት ያዙና ገላትያ 5፥22-23ን ክፈቱ። ዘጠኝ ነገሮች አሉ፦ ፍቅር፣ ደስታ፣ ሰላም፣ ትዕግሥት፣ ቸርነት፣ በጎነት፣ እምነት፣ የውሃት፣ ራስን መግዛት። ጻፏቸው። ዝርዝሩ ውስጥ ብዙ ማንበብ የለም። ረጅም ጸሎትም የለም፣ ጥሩ ድምፅም የለም፣ ጥሩ ሰባኪነትም የለም። አብዛኞቹ ከሰው ጋር ስትኖሩ ካልሆነ በቀር የማይታዩ ናቸው፤ በር ዘግቶ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ታጋሽ ይሁን አይሁን በምን ይታወቃል?

አሁን ከባዱ ነገር መጣ። አብሯችሁ የሚኖር ወይም የሚሠራ፣ እናንተን የማይፈራ ሰው ፈልጉና «ከእነዚህ ውስጥ እኔ ላይ በጣም የሚጎድለው የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ስትሰሙ አትከራከሩ፣ አታስረዱ፣ «እሱማ አንተ ስለምታናድደኝ ነው» አትበሉ። አመስግናችሁ ጻፉት፣ በቃ። ብቻችሁን የምትኖሩ ከሆነ አዘውትራችሁ የምትደዋወሉትን ጓደኛ ጠይቁ።

ከዚያ አንድ ብቻ ምረጡ። ሁለት አትምረጡ። የመረጣችሁትንም በተግባር ቋንቋ ጻፉት። «ታጋሽ እሆናለሁ» የሚል ውሳኔ ማታ ስትገመግሙት ሆነ ወይ አልሆነም ለማለት እንኳ አይመችም። «ልጄ አንድ ጥያቄ ሲደጋግምብኝ ድምፄን ሳላነሳ እመልሳለሁ» ወይም «ስብሰባ ላይ ሰው ሲናገር አላቋርጥም» ግን ይለያል። ሆነ ወይም አልሆነም ትላላችሁ።

«ይህ ሁሉ ጥረት ከሆነ ጸጋ የት ገባ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ጳውሎስ በፊልጵስዩስ 2፥12-13 መዳናችሁን ፈጽሙ ይልና እዚያው ላይ መፈለጉንም ማድረጉንም በእናንተ የሚሠራው እግዚአብሔር ነው ይላል። ማርቆስ 4፥26-29 ላይ ያለው ገበሬም ዘሩን ይዘራል፣ ይተኛል፣ ይነሣል፤ ዘሩ እንዴት እንደሚያድግ ግን እሱም አያውቅም። ካልዘራ አይበቅልለትም፣ ማብቀሉ ግን የእሱ ሥራ አይደለም። እዚህ የተጻፈውም መዝራት ነው። እግዚአብሔር የበለጠ እንዲወዳችሁ የምትከፍሉት ሒሳብ አድርጋችሁ ከወሰዳችሁት ግን ወይ ትኮራላችሁ ወይ ተስፋ ትቆርጣላችሁ፣ ሌላ መንገድ የለውም።

ሁለተኛ፦ ሰዓትና ቦታ ቁረጡ

«ጊዜ ሳገኝ እጸልያለሁ» ያለ ሰው ጊዜ አያገኝም። ዳንኤል ሰው እንዳይጸልይ የሚከለክል ትእዛዝ መጻፉን ሲያውቅ ምን አደረገ? ወደ ቤቱ ገባና ቀድሞ ያደርገው እንደነበረ በቀን ሦስት ጊዜ ጸለየ (ዳንኤል 6፥10)። «ቀድሞ ያደርገው እንደነበረ» የምትለዋን ልብ በሉ። በፈተናው ቀን አዲስ ነገር አልጀመረም። ከመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ዘመን የቆየ አንድ የትምህርት ጽሑፍም አባታችን ሆይን በቀን ሦስት ጊዜ ጸልዩ ይላል። ሰዓት መቁረጥ ሃይማኖትን ማድረቅ የሚመስላቸው አሉ። እኔ ግን ሰዓት ያልተቆረጠለት ጸሎት ሲዘልቅ ብዙም አላየሁም።

በ15 ደቂቃ ጀምሩ። አዎ፣ 15 ብቻ። የሚያምራችሁ አንድ ሰዓት ቢሆንም አታድርጉት፤ የመጀመሪያው ወር ሥራ ረጅም መጸለይ ሳይሆን አለማቋረጥ ነው። ሰዓቱን ደግሞ ድሮም ከምታደርጉት ነገር ጋር አያይዙት። ፊታችሁን ከታጠባችሁ በኋላ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ከሄዱ በኋላ፣ ሥራ ቦታ ቀድማችሁ ደርሳችሁ በር ሳይከፈት። ጌታ ገና ሌሊት ሳለ ተነሥቶ ምድረ በዳ ሄዶ ጸለየ ይላል ማርቆስ 1፥35፣ ስለዚህ ማለዳ ጥሩ ነው። ግን ሕግ አይደለም። መዝሙር 55፥17 ማታና ጥዋት በቀትርም ይላል። ሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ነርስ ወይም ሌሊቱን ሕፃን ስታጠባ ያደረች እናት «አምስት ሰዓት ላይ ሁሉ ሲተኛ» ብትል እግዚአብሔር አይቀየምም።

ቦታውም አንድ ይሁን። አንድ ወንበር፣ የአልጋ ጫፍ፣ የቆመ መኪና ውስጥ፣ የትም ይሁን። ስልኩን ሌላ ክፍል ተዉት። መጽሐፍ ቅዱስን ስልክ ላይ የምታነቡ ከሆነ ኢንተርኔቱን አጥፉት፣ አለዚያ ከማቴዎስ ወደ ቴሌግራም የሚወስደው መንገድ አንድ ጣት ነው።

ሦስተኛ፦ ንባብ

ለጀማሪ ከዘፍጥረት መነሳትን አልመክርም። ማርቆስን ውሰዱ። ከአራቱ ወንጌሎች አጭሩ ነው፣ 16 ምዕራፍ። ከእሱ በኋላ ፊልጵስዩስ (4 ምዕራፍ) እና ያዕቆብ (5 ምዕራፍ)፣ ጎን ለጎን በቀን አንድ መዝሙር። ስለ መዝሙር ካነሳን፣ አንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የአብዛኞቹ ቁጥር በአንድ ያንሳል፤ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለው አንዱ ጋ 23 ሲሆን ሌላው ጋ 22 ነው። ግራ አይግባችሁ። እዚህ የምጠቅሰው በመጀመሪያው አቆጣጠር ነው።

አነባበቡ እንዲህ ነው። አጭር ክፍል፣ ከ7 እስከ 15 ቁጥር፣ ሁለት ጊዜ አንብቡ። ሁለተኛውን ድምፅ አውጥታችሁ። ልባችሁን የያዘች አንዲት ሐረግ ላይ ቁሙ። ካልያዛችሁ አንዷን ምረጡ፣ ግድ ስሜት መኖር የለበትም። ከዚያ ያቺኑ ይዛችሁ ከእግዚአብሔር ጋር ተነጋገሩ፣ ማለትም ያነበባችሁትን ወደ ጸሎት ቀይሩት። መጨረሻ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ዝም በሉ። በ12ኛው መቶ ዘመን የኖረ ጊጎ የሚባል መነኩሴ ይህንኑ በአራት ደረጃ አስቀምጦታል፦ ማንበብ፣ ማሰላሰል፣ መጸለይ፣ በመጨረሻም በእግዚአብሔር ፊት ማረፍ። ብዙዎቻችን የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ምልክት አድርገን «ዛሬ አነበብኩ» ብለን እንሄዳለን።

በምሳሌ እንየው። ማርቆስ 10፥46-52ን ብታነቡ ዓይነ ስውሩ በርጤሜዎስ መንገድ ዳር ተቀምጦ ይጮኻል፣ ሰዎች ዝም በል ይሉታል፣ እሱ ይብሳል። ጌታ ይጠራውና «ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?» ይለዋል። እዚህ ላይ ቁሙ። ጥያቄው ግልጽ አይደለም እንዴ? ዓይነ ስውር ሰው ምን ሊፈልግ ነው? ግን ይጠይቀዋል። አሁን ትንሽ ወደ ላይ ውጡና ቁጥር 36ን እዩት፤ ያንኑ ጥያቄ ለያዕቆብና ለዮሐንስ ጠይቋቸዋል። እነሱ ምን አሉ? በቀኝህና በግራህ አስቀምጠን። ዓመታት አብረውት የሄዱት ሥልጣን ለመኑ፣ የመንገድ ዳሩ ለማኝ ግን ማየት ለመነ። አሁን ጥያቄው ወደ እናንተ ይመጣል። እሱ ፊት ለፊት ቆሞ ምን ላደርግላችሁ ትወዳላችሁ ቢላችሁ፣ እውነቱን ስትናገሩ የምትሉት ምንድን ነው? ምናልባት እንደ ሁለቱ ወንድማማቾች ወንበር ይሆናል። ይሁን፣ ያንኑ ንገሩት፤ እሱም አላባረራቸውም፣ አስተማራቸው። ቀኑን ሙሉ ያቺን ጥያቄ ይዛችሁ ዋሉ። ሰባት ቁጥር ነው ያነበባችሁት፤ በዚህ ፍጥነት ማርቆስ ሁለት ወርም ሦስት ወርም ይፈጅ ይሆናል። ይፍጅ።

ያልገባችሁ ቦታ ሲመጣ ዳር ላይ ምልክት አድርጋችሁ እለፉ፣ በኋላ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፦ ጥቅስ ከቦታው ነቅሎ መውሰድ። «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ» የሚለው ኤርምያስ 29፥11 በየምርቃቱና በየልደቱ ካርድ ላይ ይጻፋል። ከላዩ ያለው ቁጥር 10 ግን 70 ዓመት በባቢሎን ትቆያላችሁ ይላል። ደብዳቤው ለምርኮኞች የተጻፈ ነው፣ ብዙዎቹ አገራቸውን ሳያዩ የሚሞቱ። ይህን ስታውቁ ተስፋው ያንሳል? እንዲያውም ይከብዳል። ስለዚህ ሁልጊዜ አምስት ቁጥር ወደ ላይ፣ አምስት ወደ ታች አንብቡ።

አራተኛ፦ ጸሎት፣ በተለይ ቃል ሲጠፋ

አባታችን ሆይን እንደ አጽም ተጠቀሙበት። «ስምህ ይቀደስ» ብላችሁ ቁሙ፤ ምስጋና። «ፈቃድህ ትሁን» ብላችሁ ቁሙ፤ ዛሬ የማልፈልገው ግን ማድረግ ያለብኝ ነገር። «የዕለት እንጀራችንን» ላይ የቤት ኪራይም፣ ፈተናም፣ የታመመ ሰውም ይነሣል። «በደላችንን ይቅር በለን፣ እኛም ደግሞ» ላይ ስትደርሱ የአንድ ሰው ፊት ከመጣባችሁ፣ የዛሬው ጸሎታችሁ እዚያ ላይ ነው፤ አትዝለሉት።

ደስ የማይል ነገር ለእግዚአብሔር መናገር ነውር የሚመስላቸው አሉ። መዝሙረ ዳዊትን ያላነበቡ ናቸው ብዬ እገምታለሁ። መዝሙር 13 «እስከ መቼ?» እያለ ይደጋግማል። መዝሙር 88 ደግሞ ምንም ማጽናኛ ሳይኖረው ጨለማ ላይ ያልቃል፣ እንዲያም ሆኖ መጽሐፉ ውስጥ ገብቷል። ተናድዳችሁ ከሆነ ተናድጃለሁ በሉት። አሳምራችሁ የምትዋሹለት ጸሎት አይጠቅማችሁም።

በጣም የደከማችሁ ቀን አጭር ጸሎት ይበቃል። ቀራጩ ያላት «አምላክ ሆይ፥ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ» (ሉቃስ 18፥13)፣ የታመመው ልጅ አባት ያላት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» (ማርቆስ 9፥24)። ሁለቱም ተሰምተዋል። አውቶቡስ ስትጠብቁም፣ ስልክ ከማንሳታችሁ በፊትም ማለት ይቻላል፤ በተለይ ያ የመረጣችሁት ድክመት በሚነሣበት ሰዓት።

ሐሳብ ሲበታተን? ይበታተናል። አጠገባችሁ ወረቀት አስቀምጡና «ባንክ መደወል» ዓይነቱን ጽፋችሁ ተመለሱ። ደጋግሞ የሚመጣው ሐሳብ ሰው ከሆነ ግን አታባርሩት፣ ጸልዩለት። የምትጸልዩላቸው ሰዎች ከበዙ በሳምንቱ ቀናት ከፋፍሏቸው፣ ስም ማንበብ ብቻ እንዳይሆንባችሁ።

አምስተኛ፦ ማታ አምስት ደቂቃ

ለእኔ ከሁሉም ይበልጥ የሚለውጠው ይህ ነው፣ ከሁሉም ይበልጥ የሚዘለለውም ይኸው ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን የኖረው የሎዮላው ኢግናጥዮስ ተከታዮቹ ቀናቸውን እንዲህ እንዲመረምሩ አስተምሯል፤ ሐሳቡ ግን «አቤቱ፥ መርምረኝ» ከሚለው ከመዝሙር 139 ጀምሮ ያለ ነው።

ሳትተኙ በፊት፣ አልጋ ላይ ሳትወጡ (አልጋ ላይ ከሆነ ትተኛላችሁ፣ እመኑኝ)፣ ቁጭ በሉ። በምስጋና ጀምሩ። ዛሬ ምን መልካም ነገር አገኘሁ? «ስለ ሁሉም» አይደለም፤ አንድ የተለየ ነገር ጥቀሱ። ከዚያ ቀኑን ከጠዋት እስከ ማታ ቀስ ብላችሁ እለፉት። ያ የመረጣችሁት ነገር የት ተነሣ? የት ተሳካ? ስኬቱንም ቁጠሩት፣ ያም የጸጋ ሥራ ነው።

ከወደቃችሁ ደግሞ «ለምን እንዲህ ሆንኩ» ብላችሁ ራሳችሁን ከመደብደብ ይልቅ ከመውደቄ በፊት ምን ነበር ብላችሁ ጠይቁ። እንቅልፍ አጥታችሁ ነበር? ርቧችሁ ነበር? አንድ ሰዓት ሙሉ የሰው ኑሮ ስልክ ላይ ስታዩ ቆይታችሁ ነበር? አንድ ሰው አለ ከእሱ ጋር ካወራችሁ በኋላ ሁልጊዜ ሐሜት የሚከተል? ሁለት ሳምንት ይህን ስትጽፉ አንድ መልክ እየወጣ ይመጣል። ቁጣው ሁልጊዜ ከሥራ እንደገባችሁ ባሉት የመጀመሪያ 20 ደቂቃዎች ከሆነ፣ ከመግባታችሁ በፊት ውጭ አምስት ደቂቃ ቆማችሁ መጸለይ ትችላላችሁ። ኃጢአትን መጸየፍ ጥሩ ነው፤ የሚመጣበትን በር ማወቅ ደግሞ ሥራውን ያቀልላል።

የበደላችሁት ሰው ካለ፣ ለእግዚአብሔር መናዘዝ ብቻውን አይበቃም። ማቴዎስ 5፥23-24 መባህን ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይላል። በነገታው ሂዱ። ይቅርታ ስትጠይቁ ያደረጋችሁትን በስሙ ጥሩት፦ «ትናንት ሰው ፊት ሰደብኩህ። ጥፋቴ ነው። ይቅር በለኝ።» እዚህ ላይ አፋችሁን ዝጉ። «ግን አንተም እኮ» ያላችሁ እንደሆነ ይቅርታው ክስ ሆነ። «አስቀይሜህ ከሆነ» የምትለዋም አታስፈልግም፤ አስቀይማችሁታል፣ ለዚያ አይደል የመጣችሁት? ሰውየው ወዲያው ይቅር ካላላችሁ ጊዜ ስጡት፣ «ክርስቲያን አይደለህም እንዴ» ብላችሁ አታስገድዱት። የሚደበድባችሁ ወይም የሚያስፈራራችሁ ሰው ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ይቅር ማለት ተመልሶ ለዱላ መሰጠት አይደለም፣ እንዲህ ያለውን ብቻችሁን አትጋፈጡ።

ስድስተኛ፦ ጾምና ምጽዋት

ይህ ከመጀመሪያው ወር በኋላ ይምጣ። ቤተ ክርስቲያናችሁ የጾም ሥርዓት ካላት ያንን ያዙ፣ ሌላ አትፍጠሩ። ከሌላት በሳምንት አንድ የምግብ ሰዓት ዝለሉና ጊዜውን ጸልዩበት። ነፍሰ ጡር፣ የስኳር ሕመምተኛ፣ መድኃኒት ከምግብ ጋር የሚወስድ ሰው ሐኪም ሳያማክር አይጹም። ከአመጋገብ ጋር የተያያዘ ሕመም ኖሮበት የሚያውቅም እንዲሁ፤ ለእነሱ ከስልክ፣ ከወሬ፣ ከግዢ መጾም አለ።

ማቴዎስ 6 ምጽዋትን፣ ጸሎትንና ጾምን ተራ በተራ ያነሣና ሦስቱም ላይ «በስውር» ይላል። ኢሳይያስ 58 ደግሞ እየጾሙ ሠራተኛ የሚያስጨንቁትን ይገሥጻል። እየጾማችሁ ቤተሰቡ ሁሉ ከእናንተ የሚሸሽ ከሆነ፣ ጾሙን ሳይሆን ራሳችሁን መርምሩ። ስትሰጡም ፎቶ አታንሱ።

ሰባተኛ፦ በሦስተኛው ወር ለኩ

ያንን መጀመሪያ የጠየቃችሁትን ሰው መልሳችሁ ጠይቁት፦ «ለውጥ አይተሃል?» የምዕራፍ ቁጥር አትንገሩት። «ትንሽ» ካለ፣ ትንሽ ትልቅ ነው፤ በዚያው ቀጥሉ ወይም ሁለተኛውን ምረጡ። «አላየሁም» ካለ ምሳሌ ጠይቁና ጻፉ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው፣ የጻፋችሁት ተግባር ከባድ ወይም ግልጽ ያልሆነ ሆኖ ነው። አጥብቡት። ቁጣን በሙሉ ሳይሆን ጠዋት ልጆች ስታለብሱ ያለውን ቁጣ ብቻ።

ስምንተኛ፦ አንድ ሰው ፈልጉ

ያዕቆብ 5፥16 እርስ በርሳችሁ በኃጢአታችሁ ተናዘዙ፣ አንዱ ስለ ሌላው ይጸልይ ይላል። የንስሐ አባት ያላችሁ ወደ እሳቸው ሂዱ፣ ለዓመት በዓል ብቻ ሳይሆን አዘውትራችሁ። መጋቢ ወይም ሽማግሌ ያላችሁም እንዲሁ። ከዚያ በተጨማሪ እኩያ ወዳጅ ጥሩ ነው። ምን ዓይነት? ምስጢር የሚይዝ፣ ስትነግሩት የማይደነግጥ፣ ደግሞም የማያሞካሽ። የሌሎችን ሰዎች ምስጢር የሚነግራችሁ ከሆነ የእናንተንም ይናገራል፣ እለፉት።

በሁለት ሳምንት አንዴ ተገናኙና ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ ተጠያየቁ፦ ያ የያዝከው ነገር እንዴት ሆነ? ጸሎትህ እንዴት ነው? ይቅር ያላልከው ሰው አለ? አሁን የነገርከኝ ውስጥ የደበቅከው አለ? የመጨረሻዋ ጥያቄ አስቂኝ ትመስላለች፣ ግን ትሠራለች። በ18ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ሰባኪው ጆን ዌስሊ ያደራጃቸው ትንንሽ ቡድኖች ከባለፈው ስብሰባ ወዲህ የሠራኸው ኃጢአት ምንድን ነው እስከሚል ድረስ ይጠያየቁ ነበር።

የስልክ ስብከት ይህን አይተካም። በቀን ሦስት ስብከት ሰምቶ አንዱንም ያላደረገ ሰው ጆሮው ብቻ ነው ያደገው። በሳምንት አንድ ስሙና ከእሱ አንድ ነገር አድርጉ።

ደግሞ ተጠንቀቁ። መንፈሳዊ መሪ ነኝ የሚል ሰው ከቤተሰባችሁ እንድትቆራረጡ ካዘዛችሁ፣ ገንዘባችሁን እሱ ልቆጣጠር ካለ፣ ጥያቄ መጠየቅን ዓመፅ ካደረገው፣ ማንን ማግባት እንዳለባችሁ እግዚአብሔር ነገረኝ እያለ ካስፈራራችሁ ወይም የምትነግሩትን ምስጢር መያዣ ካደረገው፣ ውጡ። ለምን እንደወጣችሁም ለምታምኑት ሰው ንገሩ። እረኝነትና ባለቤትነት ይለያያሉ።

ሲደርቅ ምን እናድርግ?

ይደርቃል። ቃሉ አልነካ ይላል፣ ጸሎቱ ከጣሪያ በላይ የማይወጣ ይመስላል። መጀመሪያ ሰውነታችሁን እዩ። ኤልያስ በ1ኛ ነገሥት 19 ልሙት ብሎ ከክትክታ ዛፍ ሥር ሲተኛ እግዚአብሔር ስብከት አላከለትም። መልአኩ ቀስቅሶ አበላው። ተኛ። እንደገና አበላው። ንግግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንዱ «መንፈሳዊ ድርቀት» ስምንት ሰዓት ቢተኙ የሚለቅ ነው።

ቀጥሎ የተደበቀ ነገር ካለ እዩ፤ ያልታረቃችሁት ሰው፣ ልትተዉት የማትፈልጉት ኃጢአት። ካለ፣ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ። ከሌለ ደግሞ አትፍጠሩ። ያለ ምንም ጥፋት የሚመጣ ድርቀት አለ፣ በዚያ ጊዜ ሰዓቱን አሳጥራችሁ ቀጥሉ፦ አንድ መዝሙር፣ አባታችን ሆይ፣ በቃ። ስሜት ፍለጋ ከጉባኤ ጉባኤ አትሩጡ።

ሐዘኑ ሳምንታት ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለ፣ ምንም ነገር ደስ የማይል ከሆነ ወይም የመሞት ሐሳብ ከመጣ ሐኪም ጋር ሂዱ፣ ዛሬውኑ ለሰው ንገሩ። እምነት ማነስ አይደለም። ጸሎቱም ሕክምናውም አብረው ይሄዳሉ።

ቀን ስትዘሉስ? ትዘላላችሁ። እንግዳ ይመጣል፣ ልጅ ይታመማል፣ ወይም እንዲሁ ታክታላችሁ። ያመለጠውን ለማካካስ የአራት ቀኑን ንባብ አንድ ላይ አትጫኑ፤ ብዙ ሰው ጨርሶ የሚያቆመው ውዝፉ ሲከማችበት ነው። ውዝፍ የለም። መጽሐፉን የዛሬው ቦታ ላይ ክፈቱ፣ 15 ደቂቃው ከበዛ 5 አድርጉት፣ ነገ በሰዓቱ ተመለሱ።